ጎንደርን አንገት ላይ ባጅ አንጠልጥሎ፦ የስብሰባ እንግዶች የጉብኝት ፓኬጅ እንዴት ነው?

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ጎንደር ለስብሰባ ሄዳችሁ ከባጁና ከቦርሳው ጋር የጉብኝት ፓኬጅ ካቀረቡላችሁ፣ አስጎብኚው ግሩም ሊሆን ይችላል፣ ፕሮግራሙ ግን ነፍሳችሁን ያወጣዋል። እኔን የገጠመኝ ይኸው ነው። ልጁ ታሪኩ ከአፉ ይንቆረቆራል፣ ሰዓቱ ደግሞ ከኋላ ይነዳናል።

ስብሰባው የጤና ባለሙያዎች ጉባኤ ነበር። ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከጅማ የመጣን አለን፤ ከኬንያ፣ ከህንድና ከጀርመን የመጡ እንግዶችም ነበሩ። (ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ አስጎብኚዎቹም በዚያው ስለሚናገሩ።) ጎንደር ለእንዲህ ዓይነት ጉባኤ አዲስ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲው በ1954 የጤና ባለሙያ ለማፍራት የተከፈተ አንጋፋ ቤት ስለሆነ፣ የጤና ሰው በሥራ ዘመኑ አንድ ቀን ለሥልጠና ወይም ለስብሰባ ጎንደርን ሳይረግጥ አይቀርም። ምዝገባው ላይ ሦስት ምርጫ ነበር፦ ከተማውን በግማሽ ቀን፣ የሰሜን ተራሮችን በአንድ ቀን፣ ጎርጎራን በአንድ ቀን። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ወሰድኩ። ጎርጎራ የሄዱትን ባልደረቦቼን ደግሞ ጠይቄያለሁ።

የድርጅቱን ስም አልጠራም። በሌላ ጊዜ ከሌላ ድርጅት ጋር የሄዱ ሰዎች ያሳዩኝ ወረቀት ያው ነው፣ የተለየው የአርማው ቀለም ብቻ ነው።

ከከተማው እንጀምር። ወረቀቱ ላይ ያለው እንዲህ ይላል፦ ፋሲል ግቢ፣ የፋሲል መዋኛ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም፣ ወለቃ። አምስት ቦታ፣ ከምሳ በኋላ፣ በአንድ ከሰዓት! ጎንደርን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ይስቃል። መነሻው 7:30 ተብሎ ነበር። ግን የትኛው ስብሰባ ነው ምሳውን በሰዓቱ የሚበላው? የጠዋቱ የመጨረሻ ተናጋሪ "አንድ ስላይድ ብቻ ቀረኝ" ብለው ስንት አሳዩን፣ ከዚያ የቡድን ፎቶ፣ ከዚያ የምሳ ሰልፍ፣ ከዚያ ደግሞ ስልኩን ቻርጅ ላይ ረስቶ ክፍሉ የተመለሰ ሰው። ኮስተሩ ከሆቴሉ ሲወጣ ስምንት ሰዓት ተኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። ስብሰባ እንደሚዘገይ ማንም ያውቃል። ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው ግን ያላወቀ መስሎ ደቂቃ በደቂቃ ሰፍቶታል። ስለዚህ የዘገየችው ሰዓት ከእኛ እይታ ላይ ተቆረጠች እንጂ ከቦታዎቹ አንዱም አልተቀነሰም።

ፋሲል ግቢ ላይ ልጁ አስደነቀኝ። የከተማው ተወላጅ ነው፣ ፈቃዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፣ እንግሊዝኛውም አማርኛውም የጠራ ነው። ትኬት እስኪቆረጥ ድረስ ፀሐይ ላይ አላቆመንም። ግቢው ደጃፍ ካለው ከጃን ተከል ዋርካ ጥላ ሥር ሰብስቦን እዚያው ጀመረ። ከፋሲል በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን ይዘዋወሩ እንደነበር፣ ከተማ ማለት ንጉሡ የሰፈሩበት ቦታ እንደነበር፣ አፄ ፋሲል በ1636 እዚህ ሲቆረቁሩ ግን ነገሩ እንደተለወጠ ነገረን። "መንግሥት ድንኳኑን ጠቅልሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ" አለ። ይህን ሁላችንም ትምህርት ቤት ሸምድደነዋል። ዋርካው ሥር ቆማችሁ የግንቡን ጉልላት ከአጥሩ በላይ እያያችሁ ስትሰሙት ግን ሌላ ነው።

ከኬንያ የመጣችው ዶክተር ሁሉም የሚጠይቀውን ጠየቀች፦ ፖርቹጋሎች ናቸው አይደል የሠሩት? በእኔ ሚዛን አስጎብኚ የሚፈተነው በዚህች ጥያቄ ነው። አንዳንዱ ፈረንጅ እንዳይከፋው "አዎ" ብሎ ያልፋል። አንዳንዱ ደግሞ ይቆጣና የውጭ እጅ ጨርሶ አልነካውም ብሎ ይምላል። ይኼኛው ፈገግ አለ። "አፄ ፋሲል ማለት አባታቸው አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው አገሩ እርስ በርሱ ሲተላለቅ ያዩ ሰው ናቸው። በ1632 ነገሡ፣ የተዋሕዶን እምነት መለሱ፣ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። ታዲያ አባርረው ሲያበቁ ተመለሱና ቤት ሥሩልኝ ይላሉ?" ሳቅን። ቀጠለና "ብቻችንን ሠራነው ብዬም አልዋሽም። የህንድ እጅ አለበት፣ የዓረብ እጅ አለበት፣ የአውሮፓም ነገር ገብቶበታል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግን ግቡና እዩት" አለ። ዩኔስኮም በ1979 ግቢውን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ስለ ሕንጻዎቹ የሚለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለዚህች መልስ ብቻ ከፓኬጁ ዋጋ ግማሹን ሐላል ብያለሁ።

ውስጥ ስንገባም የሚታየውን መርጦ ነው የሚያሳየው። በዋናው ግንብ ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ ስልኩን አብርቶ ከበሩ ቅስት በላይ ድንጋዩ ውስጥ የተቀረጸውን የዳዊት ኮከብ አሳየን። ባለ ስድስት ጫፍ ናት፣ ወደ ውስጥ ገባ ብላ የተሠራች፣ ቀና ብሎ ያላየ ሰው ያልፋታል። ከሰሎሞን እንወለዳለን የሚል ሥርወ መንግሥት ማኅተሙን በር ላይ ያደርጋል፣ አጭርና ግልጽ። ከዚያ ወጥተን የአፄ ኢያሱ ግንብ ዘንድ ደረስን። ጣሪያው የለም። በዘመኑ በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅና በመስታወት ያጌጠ ነበር ይባላል። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ በ1941 ደግሞ እንግሊዞች ጣሊያንን ለማስወጣት ሲደበድቡ የቀረውን አገኘው። ልጁ ግድግዳው ላይ የቀረውን ቅስት እያሳየ "ግንቡ የቆመውም የፈረሰውም ታሪክ ነው" ሲል ጀርመናዊው ዝም ብሎ ፎቶ ማንሳቱን አቆመ።

እዚህ ላይ የኮስተሩ ጥሩንባ ተሰማ።

አስተባባሪዋ እጇ ላይ ወረቀቷን ይዛ መጣች። "ይቅርታ፣ ሰዓት የለንም፣ ወደ መዋኛው እንሂድ።" የጻድቁ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት በሩቁ አየነው። የዳዊትን አዳራሽና አንበሶቹ ይቀመጡበት የነበረውን ቤት እየተራመድን። የአፄ በካፋን አዳራሽና የእቴጌ ምንትዋብን ግንብ ጨርሶ አላየንም፣ እነሱ ወደ ውስጥ ራቅ ብለው ነው ያሉት። ከሆሳዕና የመጡ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙና "ልጄ፣ እኔ እኮ እዚህ ድረስ የመጣሁት ለዚህ ነው፣ ስብሰባውንማ በዙምም እከታተለው ነበር" አሏት። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ "ጋሼ፣ እኔም የታዘዝኩትን ነው" አለች። እውነቷን ነው። አስጎብኚው ግን ጠጋ ብሎ "ጋሼ፣ ጉባኤው ሲያልቅ ይደውሉልኝ፣ በእግር ቀስ ብለን እናየዋለን" አላቸው። እኔም ጆሮዬን ጣል አድርጌ ስለሰማሁ ቁጥሩን ወሰድኩ። በኋላ ላይ የዚህ ጥቅም ይመጣል።

መዋኛው ከግቢው ርቆ ስለሚገኝ በመኪና ነው የሚኬደው። እዚህ ቅሬታ አለኝ፣ ትንሽ ናት ግን ታናድዳለች። የፋሲል ግቢን ትኬት የያዘ ሰው በዚያችው ትኬት መዋኛውን ያያል። የእኛ ፓኬጅ ዝርዝር ላይ ግን "የመዋኛ መግቢያ" የሚል ለብቻው ዋጋ ተቀምጦለታል። በሩ ላይ ያለው ሠራተኛ የግቢውን ትኬት አይቶ ሲያሳልፈን ሁላችንም ተያየን። ብሩ ለአንድ ሰው ብዙ አይደለም። በኮስተር ሙሉ ሰው ሲባዛ ግን ሻይ ቡና አይባልም። ስንጠይቅ "የአስተዳደር ወጪ" ተባልን። ይሁን።

ለውጭ እንግዶች ደግሞ ሌላ ነገር ቀድሞ ሊነገራቸው ይገባ ነበር። ብሮሹሩ ላይ ያለው ፎቶ የጥምቀት ቀን ፎቶ ነው፣ ገንዳው ውሃ ሞልቶ፣ ወጣቶች እየዘለሉ፣ ካህናቱ ጥላ ዘርግተው። እነሱ የመጡት ያንን ሊያዩ ነው። ገንዳው ግን ከጥምቀት ወቅት ውጭ ደረቅ ነው። ውሃው ከቀሃ ወንዝ እየተመራ የሚሞላው ለበዓሉ ነው። ህንዳዊቷ ፕሮፌሰር የደረቀውን ወለል አይታ "ተበላሽቶ ነው?" ብላ ጠየቀች፣ አንጀቴን በላችው። ደረቅ ሲሆን የሚታየው ራሱን የቻለ ውበት ነው ግን። የዛፎቹ ሥር አጥሩን አቅፎ፣ ድንጋዩ መሃል ገብቶ፣ የቱ ግንብ የቱ እንጨት እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። የአፄ ፋሲል ፈረስ የዞብል መቃብር ነው የሚባለው ጉልላትም እዚያው አጠገብ ነው። ጥምቀትን የፈለገ በጥር 10 ከተራውን፣ በ11 በዓሉን ይምጣ፣ አልጋ ግን ከወራት በፊት ይያዝ። በ2019 ጥምቀት በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ የእንግዳው ነገር አይጣል ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ፕሮግራሙ ባያቆየኝም።

ብዙ ሰው ጫማውን አውልቆ በቀጥታ ወደ ጣሪያው ይሮጣል። ልጁ ግን ውጭ አቆመን። አጥሩ ላይ ያሉት አሥራ ሁለት ክብ ግንቦች የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው፤ አሥራ ሦስተኛው ትልቁ፣ የምንገባበት በር፣ ክርስቶስ ነው፣ የይሁዳ አንበሳ ተደርጎ ነው የተሠራው። "አንበሳ ከሆነ ጅራቱ የታለ?" ብሎ ጠየቀንና ዝም አለ። ፈለግን። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምዕራብ ካለው በር በላይ፣ ግንቡ ላይ፣ ጅራቷ አለች። ትልልቅ ሰዎች፣ ዶክተርና ፕሮፌሰር፣ እንደ ሕፃን ጅራት ስንፈልግ ብታዩን! እንዲህ ያለ አስጎብኚ ነው ከዊኪፔዲያ የሚለየው።

የመጀመሪያውን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት አፄ ኢያሱ ናቸው፣ እሱን መብረቅ አቃጠለው፣ አሁን ያለው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። በ1888 ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህቺ ቤተ ክርስቲያን የተረፈችው የንብ መንጋ ተነስቶባቸው ነው ይላሉ አባቶች። ልጁ ይህን ሲነግረን አጠገባችን የነበሩት አባ ራሳቸውን ነቀነቁና "ንቡስ አሁንም አለ" አሉ፣ ቀልዳቸውን ይሁን የምራቸውን አላወቅኩም።

ውስጡን በቃል መግለጽ ከባድ ነው። ጣሪያው ላይ በእንጨቶቹ መሃል ሁሉ የመላእክት ፊት ተደርድሯል፣ ክንፍና ፊት ብቻ፣ ዓይናቸው ትልልቅ። 135 ናቸው ይባላል። አንዱ ከአንዱ እንደማይመሳሰል የሚታወቀው በጀርባ ሊተኙ ትንሽ ሲቀር፣ አንገት እስኪያም ድረስ ሲያዩ ነው፤ አንዱ ኩርፍ ያለ ይመስላል፣ አንዱ ገና ሊስቅ ነው፣ አንዳንዶቹን ደግሞ እርጥበት አደብዝዟቸዋል። ፍላሽ ክልክል ነው፣ ይገባልም። አንዲት እንግዳ ሳታውቀው ፍላሽ ስታበራ ጠባቂው ቆጣ አለ፣ ቅድም በር ላይ ቢነገረን ኖሮ ማንም አያፍርም ነበር። ምንጣፉ ላይ በባዶ እግር መቆም የማትወዱ ካልሲ ያዙ። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ቢኖራችሁ ጥሩ ነው።

የቆየነው ሩብ ሰዓት ከምናምን ነው። ሥላሴን በሩብ ሰዓት! አስተባባሪዋ ከበር ላይ ሰዓቷን ስታይ እያየሁ የመላእክቱን ዓይን ማየት አልቻልኩም።

ቁስቋም ስንደርስ መሽቷል፣ ተዘግቷል። ከአጥሩ ውጭ ቆመን የምንትዋብን ፍርስራሽ በጨለምለም አየነው። ወረቀቱ ላይ ግን "ተጎብኝቷል" ተብሎ ምልክት ተደረገበት፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ወለቃም እንዲሁ፣ ለዚያውም እሱ በሰሜን ተራሮች መንገድ ላይ ስለሆነ "ነገ ስታልፉ ታዩታላችሁ" ተባለ። በማግስቱ ደግሞ እዚያ የቆምነው ሸክላ እስክንገዛ ድረስ ብቻ ነው። ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበር። ነዋሪዎቹ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፣ በ1991 በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ሲወሰድ የሄዱም አሉበት። ይህ ሁሉ ታሪክ ያለበትን ቦታ "የሸክላ ገበያ" ብሎ መሸጥ አይገባኝም። የጸሎት ቤታቸውን የሚያሳይና ታሪኩን የሚናገር ሰው ከሌለ ባይቆሙ ይሻላል።

አሁን ወደ ስልክ ቁጥሩ እንምጣ። ጉባኤው ሲያበቃ እኔ፣ ከሆሳዕናው ጋሼና ኬንያዊቷ ዶክተር ሆነን ልጁን ደወልንለት። ጠዋት፣ በባጃጅ፣ ቁስቋም። ከዚያ ተመልሰን ፋሲል ግቢ የቀረንን። ሁለት ቦታ ብቻ። ምን ልበላችሁ፣ ሌላ ከተማ ነው ያየነው። ቁስቋም ኮረብታ ላይ ናት፣ ጠዋት አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ከተማው ከሥር ተዘርግቶ ይታያል። እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው አፄ በካፋ ካረፉ በኋላ ከከተማው ወጣ ብለው ያሠሩት ግቢ ነው። ግድግዳው ላይ የተቀረጹት መስቀሎችና ምስሎች አሁንም ይታያሉ። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እዚህ ተቀምጦ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ በፈንጣጣ የታመሙትን አክሟል። ይህን ልጁ ሲነግረን ዶክተሯ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች፣ ጋሼም "እንግዲያው የሙያ ወንድማችን ነዋ!" አሉ። ሙሉ ኮስተር የጤና ባለሙያ ጭኖ ይህን ታሪክ ሳያሳይ የሚመልስ ፕሮግራም ምን ይባላል? ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ የእቴጌይቱን፣ የልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን አጽም በመስታወት ሣጥን አሳዩን። ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማንም አልቸኮለም።

የሰሜን ተራሮቹ ቀን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መነሻ ሌሊት 11 ሰዓት ተባለ፣ የወጣነው ፀሐይ ወጥታ ነው፣ የቁርስ ፓኬት አልደረሰም ተብሎ። የደረሰው ቁርስ ደግሞ የተቀቀለ እንቁላልና ደረቅ ዳቦ። በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት አድርገን ደባርቅ ገባን። ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ምዝገባ አለ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይሰጣል፣ ይህ ደንብ ነውና አይከፋኝም። የሚከፋኝ ዝርዝሩ ቀድሞ ቢላክ ኖሮ በሩብ ሰዓት የሚያልቀው ነገር የእያንዳንዳችን ስም በእጅ እስኪጻፍ ድረስ ጠዋታችንን መብላቱ ነው።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ስናይ ግን ድካሙ ጠፋ። ሣር ላይ ተቀምጠው በሁለት እጃቸው እየነጩ ይበላሉ፣ ሰው መኖሩ ግድም አይሰጣቸው። ደረቱ ላይ ያለው ቀዩ ምልክት በፎቶ ከሚታየው በላይ ቀይ ነው። አንዱ ወንድ ጎፈሩን ነፋስ ሲበትንበት ዞሮ አየን፣ ከዚያ ሣሩን ቀጠለ። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደታች ማየት እግር ያርዳል። ሳንቃበር አካባቢ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ ቀልድ አይደለም፤ ከጎንደር ሙቀት በቲሸርት የመጡት የሾፌሩን ጋቢ ሲለምኑ ነበር። ብሮሹሩ ፊት ላይ ያለው ዋልያ ደግሞ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚገኝ እንስሳ አይደለም። ዋልያን ለማየት ወደ ጨነቅ መዝለቅ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ማደር ነው። ዋልያ ሸጦ ጭላዳ ማሳየት ጭላዳውንም መበደል ነው።

ሂሳቡን ብናወራርደው፣ ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ነበርን፣ ተራራው ላይ የቆየነው ትንሽ ነው። ጊዜ ያለው ደባርቅ ወይም ፓርኩ ውስጥ ይደር። ጊዜ የሌለው ኮሶዬ ይሂድ። ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እዚያው መንገድ ላይ፣ ቆላውን ከላይ ወደታች ያያሉ፣ ዕድል ካለ ጭላዳም አይጠፋም፣ በግማሽ ቀን ተመልሰው የከሰዓቱን ስብሰባ ይደርሳሉ። ይህን ምርጫ ማንም አላቀረበልንም። በሁለቱም መንገድ ቢሆን ከመውጣታችሁ በፊት የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ ከሆቴሉና ከሾፌሮች ጠይቁ።

ጎርጎራ የሄዱት ባልደረቦቼ በጣም ደስ ብሏቸው ነው የተመለሱት። ጣና ዳር ዓሣ በልተዋል፣ ደብረ ሲና ማርያምን አይተዋል፣ አንድ ቦታ ሄደው አንድ ቦታ ቆይተው ስለተመለሱ። አያችሁ?

ምሳና ራቱ መካከለኛ ነው። ረቡዕ ነበርና ቡፌው ላይ ጾሙ በያይነቱ ፍስኩን አስንቆት ዋለ፣ ፈረንጆቹ ራሳቸው ፓስታውን ትተው ወደዚያ ዞሩ። ማታ ላይ በፓኬጁ "የባህል ምሽት" የተባለው ግን ከጠበቅኩት በላይ ነበር። አዝማሪዋ ከማሲንቆው ጋር ስትዞር ባጁን ሳያወልቅ የመጣ ጓደኛችንን አገኘችው፣ ኪሱን ሲዳብስ ደግሞ ብር አላወጣም፦

አንገቱ ላይ ባጅ ደረቱ ላይ ስሙ፣
ዶክተሩን ጠይቁት ኪሱ ነው ሕመሙ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጀርመኑ ትርጉሙን እስኪነግሩት ቆይቶ ብቻውን ሳቀ። ጓደኛችን መቶ ብር ግንባሯ ላይ ለጥፎ ከሕመሙ ዳነ። እዚህ የምትሄዱ ዝርዝር ብር ያዙ፣ አዝማሪ ቴሌብር አትቀበልም፣ ብትቀበልም ስድቡ ይቀድማል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ፓኬጁ ለኢትዮጵያዊ ያዋጣል ብዬ አላምንም። መግቢያ ለእኛ ከውጭ ዜጋ በጣም ያነሰ ነው፣ ፓኬጁ ግን ይህን ልዩነት በደንብ አላንጸባረቀውም። እኛ ሦስታችን በኋላ በግላችን ለባጃጅ፣ ለመግቢያና ለልጁ የከፈልነው ተደምሮ ከአንድ ሰው የከተማ ፓኬጅ ብዙም አይበልጥም። ለውጭ እንግዳ፣ ቋንቋ ለማይችልና ለብቻው ለመውጣት ለሚፈራ ግን ፓኬጁ ጥቅም አለው፣ መኪናው ንጹሕ ነው፣ ሾፌሩ ረጋ ያለ ነው፣ ውሃ አይጎድልም። ደረሰኝ ግን እዚያው ተቀበሉ። "በኢሜይል እንልካለን" የተባልነው ደረሰኝ እስካሁን በመንገድ ላይ ነው፣ የመሥሪያ ቤቴ ፋይናንስ ደግሞ ያለ ደረሰኝ ጨዋታ አያውቅም።

ስብሰባ የምታዘጋጁ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ፣ የከተማውን ጉብኝት ከጉባኤው በኋላ ባለው ጠዋት ላይ አድርጉት፣ ቦታውን ሁለት ወይም ቢበዛ ሦስት አድርጉ፤ ፋሲል ግቢና ሥላሴ ብቻ ቢሆኑ ማንም አያማችሁም። ተሳታፊ የሆናችሁ ደግሞ ፋሲል ግቢ በር ላይ ፈቃድ ያላቸው አስጎብኚዎች አሉ። መታወቂያውን እዩ፣ ዋጋውን ሳትገቡ ተነጋገሩ፣ ስንት ሰዓት እንደሚያዞራችሁ ጠይቁ፣ ካስደሰታችሁ ጉርሻውን ለራሱ በእጁ ስጡት እንጂ "ለቡድኑ" ተብሎ በሚዞረው ፖስታ ውስጥ አትክተቱ፣ የእኛ ልጅ ከዚያ ፖስታ ምንም እንዳልደረሰው ነግሮኛል።